የማን ግራይንደር ነው?

የኅዳር ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። ጠባሴ ካሉት የብረታ ብረት ቤቶች በአንዱ በራፍ፣ ውርጭ የመታው ቱቦላሬ ተቆልሎ ባለበት፣ አንድ ተለማማጅ ልጅ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ የተጨማደዱ ደረሰኞች አውጥቶ ጭኑ ላይ ዘረጋቸው። ሰባት ናቸው። የሄድኩት ለባለቤቱ የዓመቱን ሂሳብ ለመዝጋት ነበር፤ ልጁ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። ካናዳ ያለው የአክስቱ ልጅ፣ እሱም እዚያ የመኪና ጥገና ተለማማጅ ነው፣ «ለገዛሁት መሣሪያ ከግብር ይቀነስልኛል» ብሎታል።

«ጋሼ፣ ለእኔስ አይቀነስልኝም?» አለኝ።

«አይቀነስም» አልኩትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

መልሱ ስህተት አልነበረውም። ግን ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁረኝ ዋለ፤ ምክንያቱም ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ የባለቤቱን ግራይንደር፣ ያንን ብረት መቁረጫ፣ ከግብር ላይ መቀነስ ነበር። ልጁ በራፉ ላይ አጠገቡ ያስቀመጠውም ግራይንደር ያው ዓይነት ነው፤ ያው 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚገባበት፣ ያውም ለዚያው ቤት በርና መስኮት የሚቆርጥ።

ከደመወዝ ላይ የማይነካው

ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የሚገብረው በሠንጠረዥ «ሀ» ነው። ግብሩ የሚሰላው በወር ገቢው ጠቅላላ ላይ ሲሆን፣ ያንን ደመወዝ ለማግኘት ከኪሱ ያወጣው ወጪ አይያዝለትም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይህን በግልጽ ይላል። ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ እርከኖቹን ለወጠ እንጂ ይህችን ነገር እንዳለች ተዋት።

በማሻሻያው መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። ልጁ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል። 6,000 በ20 በመቶ ተባዝቶ 500 ሲቀነስ 700 ብር ይመጣል። (500ዋ የታችኞቹን እርከኖች ልዩነት የምታካክስ ቋሚ ቁጥር ናት፤ የደመወዝ ሂሳብ የሚሠራ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል።) በዚያ ወር 5,000 ብር አውጥቶ ትራፓኖ ቢገዛ ግብሩ 700 ነው። አንዲት ካቻቢቴ ባይገዛም 700 ነው።

አሠሪው ደግ ሆኖ «የመሣሪያ አበል» ብሎ በየወሩ 500 ብር ቢጨምርለትስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አበልም በሕጉ ትርጉም የመቀጠር ገቢ ነው። 500ው ደመወዙ ላይ ይደመርና በ20 በመቶ 100 ብር ይቆረጥበታል፤ ልጁ እጅ የሚደርሰው 400 ብር ነው። ያንኑ 500 ብር አሠሪው ራሱ ሱቅ ሄዶ፣ በድርጅቱ ስም ደረሰኝ አስቆርጦ፣ ዲስክና ኤሌክትሮድ ገዝቶ ቢያመጣለት ግን የልጁ ደመወዝ አይነካም፤ መዝገብ የሚይዝ አሠሪ ከሆነም ወጪውን ይይዘዋል። ስለዚህ ከአለቃው ጋር ስለ መሣሪያ የሚደራደር ተለማማጅ ብር ከሚጠይቅ ዕቃውን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ዕቃው የአሠሪው ሆኖ ይቀራል፤ ልጁ ሲለቅ ያስረክባል። ዲስክና ኤሌክትሮድ ግን ምኑ ይረከባል፣ አልቆ የለ!

ለተቀጣሪ የሚሆን መከታ ያገኘሁት ግብር ሕጉ ውስጥ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 12 ላይ፣ በሥራ ውሉ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። የአደጋ መከላከያውም፣ የብየዳ ማስኩ፣ ጓንቱ፣ የቆዳ ሽርጡ፣ በአሠሪው ላይ ነው። «በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ» የምትለዋ ናት ቀዳዳዋ። አዋጁ የተለማማጅነት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል። ከኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚመጡት ቢያንስ አንድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ትውውቅ የሚገቡት ግን «መሣሪያህን ይዘህ ና» ተብለው ነው የሚገቡት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ምን እንደሚማር፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ክፍያ፣ የትኛው መሣሪያ የቤቱ፣ የትኛው የልጁ እንደሆነ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። የመጨረሻዋን መስመር የሚጽፋት የለም፤ ልጁ ሲለቅ ጠብ የሚነሳውም በእሷ ነው።

ካናዳ ያለው ልጅ ያልነገረው

«ይቀነስልኛል» እና «ይመለስልኛል» በጆሮ ይቀራረባሉ፤ በሂሳብ ግን በጣም ይራራቃሉ። ጠባሴ የነበረው ልጅ የገባው ካናዳ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ሶኬት ስብስብ ሲገዛ መንግሥት 1,000 ዶላሩን የሚመልስ ነው።

እዚያ ያለው እንዲህ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ከ2023 ጀምሮ ለመሣሪያ እስከ 1,000 ዶላር ከገቢው ላይ መቀነስ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ጣሪያው 500 ነበር። መሣሪያው አዲስ መሆን አለበት። መግዛቱ የሥራው ግዴታ እንደሆነ አሠሪው ቲ2200 በሚባል ቅጽ ላይ ፈርሞ ያረጋግጣል፤ ሠራተኛው ቲ777 ላይ ያሰላል። የሚቀነሰውም ለማንኛውም ተቀጣሪ በጥቅሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ያለው ብቻ ነው። በ2023 ያ መጠን 1,368 ዶላር ነበር። እንግዲህ በዚያ ዓመት 2,000 ዶላር የገዛ ሰው 632 ዶላር ከገቢው ይቀንሳል፤ በ15 በመቶው የፌዴራል እርከን ካለ የሚተርፈው 95 ዶላር ገደማ ነው፣ የክፍለ ሀገሩ ግብር ቅናሽ ለብቻው። ለመኪና ጥገና ተለማማጆች ከዚህ የሰፋ ተጨማሪ ቅናሽ አለ፤ የአክስቱ ልጅ የተጠቀመው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዝ ደግሞ ለብዙ ሙያ ደረሰኝ ሳይጠየቅ በዓመት 60 ፓውንድ ቁርጥ ተቀናሽ ይሰጣሉ፤ 20 በመቶ ለሚገብር ሰው 12 ፓውንድ ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ሳይ መጀመሪያ «ይችንስ ለማግኘት ነው?» ብዬ ነበር። ቆይቶ የገረመኝ ሌላ ነው። 12 ፓውንድም ቢሆን የዚያ ልጅ መዶሻ በግብር ወረቀት ላይ ስም አላት።

አንድ ግራይንደር፣ ሦስት እጅ

ያን ቀን ከሰዓት የባለቤቱን የቋሚ ንብረት መዝገብ ዘርግቼ ስሞላ፣ በመስኮት ልጁ ሲቆርጥ ይታየኛል። ያኔ ነው ያንኑ ግራይንደር በሦስት ሰው እጅ ላይ አስቀምጬ ማየት የጀመርኩት።

መጀመሪያ ባለቤቱ። ድርጅቱ መዝገብ ይይዛል፣ በትርፉ ይገብራል፣ ሠንጠረዥ «ሐ»። ግራይንደሩ 9,000 ብር ቢሆን በአንድ ዓመት ወጪ ተደርጎ አይያዝም፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግልና በአገልግሎት የሚያረጅ ዕቃ ስለሆነ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል። በደንብ ቁጥር 410/2009 ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የተቀመጠው በቀጥተኛው ዘዴ (በየዓመቱ ከተገዛበት ዋጋ ላይ እኩል እኩል) 15 በመቶ፣ ዋጋው እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ (በየዓመቱ ከቀሪው ዋጋ ላይ) 20 በመቶ ነው። ኮምፒውተር ከሆነ 20 እና 25 ነው። 9,000 በ15 በመቶ 1,350 ብር በዓመት። ዲስኩ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ፑንታው፣ የሴጌቶ ምላጩ ግን ዓመት አይቆዩም፤ እነሱ በተገዙበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ወጪ ናቸው። አንድ ደረሰኝ ላይ ግራይንደርና 25 ዲስክ አብረው ተገዝተው ሁሉም «ዕቃ» ተብሎ በአንድ ድምር ከገባ አንዱ ያለ ቦታው ይቀመጣል። ኦዲት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

ሁለተኛው ጎረቤቱ ነው። እሱም ብረት ይበይዳል፣ አንድ ረዳት አለው፣ መዝገብ የለውም። ድሮ ደረጃ «ሐ» ነበር (ደረጃ ነጋዴው በዓመታዊ ሽያጩ የሚመደብበት ነው፣ ከሠንጠረዥ ሌላ ነው)፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ቁርጥ ግብር ይከፍል ነበር። ማሻሻያው ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቶ፣ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሚሸጠውን ግለሰብ ደረጃ «ለ» ውስጥ ከትቶ በጠቅላላ ሽያጩ እንዲገብር አደረገው። በሽያጭ የሚገብር ሰው ደግሞ ትርፉ አይጠየቅም፤ ወጪውም አብሮ አይጠየቅም። ግራይንደር ቢገዛ፣ ኮምፕሬሰር ቢገዛ፣ ባይገዛ፣ ግብሩ አንድ ነው። እንዲያውም በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት የመጣ ጊዜ ያየነው አለ። ገማች በራፍ ላይ ቆሞ ማሽን ሲቆጥር ማሽኑ የገቢ ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው፤ ለማሽኑ የወጣው ብር አይታየውም።

ሦስተኛው ልጁ ነው። ስለሱ ከላይ ብያለሁ፤ ዜሮ።

በዚህ ስሌት የመሣሪያ ቅናሽ የሚያገኘው ከሦስቱ የተሻለ አቅም ያለው ብቻ ነው። ከደመወዙ ከፍሎ መሣሪያ ለሚገዛ ልጅ 9,000 ብር የወር ከግማሽ ደመወዙ ነው፤ ለባለቤቱ የአንድ በር ዋጋ እንኳ አይሞላም። ቀላል አሠራር ለትንሹ ነጋዴ ጥቅም አለው፣ አልክድም። ሂሳብ ባለሙያ መቅጠር የማይችል ሰው መዝገብ ያዝ ቢባል የመዝገቡ ወጪ ከግብሩ ይበልጥበታል። ግን የመሣሪያን ነገር ቀላልነቱ ዋጠው። ለተቀጣሪ የእጅ ባለሙያ ትንሽ ቁርጥ ተቀናሽ ማስቀመጥ፣ እንግሊዞች እንደሚያደርጉት ያለ ደረሰኝ፣ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤቱም ብዙ ሥራ አይጨምርም ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ እያሰብኩ ነው ወደ ልጁ ሰባት ደረሰኞች የተመለስኩት። ሁለቱ ላይ የገዢ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አለ፤ የእሱ ነው፣ ሲቀጠር ያወጣው። አንድ ሰው ደግሞ በዕድሜው አንድ ቲን ነው ያለው። ተቀጣሪ ሲሆን የያዘው አሥር አሃዝ፣ ነገ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ቤት ሲከፍት ያው ነው። «አይቀነስም» ያልኩት ልክ ነበር፤ «ዛሬ» የሚለውን ግን ዘልዬዋለሁ። እነዚያ ሁለት ደረሰኞች ያሉበት መሣሪያ፣ ልጁ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ የሆነ ዕለት፣ ባለቤቱና የተገዛበት ቀን የታወቀ ንብረት ሆኖ መዝገብ ውስጥ መግባት ይችላል። የቀሩት አምስቱ ወሬ ናቸው።

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

መርካቶም ውረድ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃንም ግዛ፣ መሣሪያ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። ደረሰኝ መቁረጥ የሻጩ ግዴታ እንጂ የገዢ ምርጫ አይደለም፤ በተግባር ግን እንደ ምርጫ ይቀርብልናል፣ በመካከሉም 15 በመቶው ቫት አለ። ያለ ደረሰኝ 10,000 የተባለ መበየጃ በደረሰኝ 11,500 ይሆናል።

ልጁ ለምን 1,500 ብር ይጨምራል? አንድ ጊዜ እስኪ እናስላው። መዝገብ የሚይዝ፣ ቫት ያልተመዘገበ ሰው ከሆነ ሙሉው 11,500 የዕቃው ዋጋ ነው፣ በዓመታት ውስጥ ተቀንሶ ያልቃል። የንግድ ገቢው የ20 በመቶ እርከን ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም በዓመት ከ48,000 እስከ 84,000 ብር ትርፍ፣ በድምሩ 2,300 ብር ግብር ይተርፈዋል፤ ከጨመረው 1,500 ይበልጣል። ሚዛኑ እኩል የሚሆነው 13 በመቶ ላይ ነው። ከግብር ነጻ የሆነው ትርፍ በዓመት 24,000 ብር ሲሆን የመጀመሪያው እርከን 15 በመቶ ስለሆነ፣ ግብር የሚደርስበት ሰው ሁሉ ቀስ ብሎም ቢሆን ብሩን ያስመልሳል። ቫት የተመዘገበ ከሆነ 1,500ውን ወዲያው በግብዓት ታክስ (በግዢ የከፈለውን ቫት ከደንበኛ ከሰበሰበው ላይ በመቀነስ) ያቀናንሰዋል፣ 10,000ው በእርጅና ይሄድለታል። ተቀጣሪ ሆኖ ለሚቀር ሰው ግን 1,500ው በግብር በኩል አይመለስም፤ የሚያገኘው ዋስትናና የባለቤትነት ማስረጃ ብቻ ነው። ይሄንን ለልጁ መደበቅ ሐቀኝነት አይመስለኝም።

በደረሰኝ ለሚገዛ ሰው የሚበላሹት ነገሮች ሁሌም እነዚያው ናቸው። ከካሽ ሪጅስተሩ የሚወጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ድምሩን እንጂ የዕቃውን ስም በደንብ አይናገርም፤ ስሙ፣ ሞዴሉና የገዢው ስም ያለው በእጅ በሚጻፈው አታችመንት ላይ ነው። ሁለቱ ካልተያያዙ አንዱ ያለሌላው ግማሽ ማስረጃ ነው። አታችመንቱ ላይ «የተለያዩ ዕቃዎች» ተብሎ ከተጻፈ እዚያው ቆማችሁ አስለውጡ፤ «ግራይንደር፣ 115 ሚሜ፣ ብዛት 1፣ ሲሪያል ቁጥር ይሄ» ይባል። ቲኑን በቃል አትንገሩ፣ ስልካችሁ ላይ አሳዩ፤ ከአሥሩ አንዷ አሃዝ ከተሳሳተች ደረሰኙ የሌላ ሰው ነው። ከወር በኋላ ተመልሶ «ቲኔን አስገቡልኝ» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ የቀኑ ሂሳብ ማሽኑ ላይ ተዘግቷል።

ወረቀቱ ራሱ ደግሞ ይሞታል። የማሽን ደረሰኝ በቀለም አልተጻፈም፤ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ወረቀት ነው። ሙቀት የጻፈውን ሙቀት ያጠፋዋል፤ ሙሉው ይጠቁራል ወይም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዘይትና ፕላስቲክም ያነጡታል። ደብረ ብርሃን ብርዱ ይረዳል፤ ሸዋ ሮቢት ለሥራ ወርዶ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ደረሰኝ ግን ከሰነባበተ የሚነበብ ነገር አይኖረውም። የብየዳ ቤት መሳቢያም ከዚያ አይሻልም። በገዛችሁበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አስደርጉ፣ ዋናውን ከኮፒው ጋር አያይዙ፣ በስልክም አንሱ። በቀጥተኛው ዘዴ 15 በመቶ የሚቀነስ ዕቃ ተቀንሶ የሚያልቀው በሰባተኛው ዓመት ነው፤ ወረቀቱ ቢያንስ ያን ያህል፣ ከዚያም አልፎ፣ መቆየት አለበት።

ሰኔ 30 ሲቃረብ ደረሰኝ የሚለቃቅሙ አሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የጓደኛ ደረሰኝ፣ የሌላ ድርጅት ደረሰኝ፣ ዕቃ የሌለበት ደረሰኝ ይገዛሉ። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም ቅጣቱ ከተተረፈው ግብር ጋር አይመጣጠንም፤ ወንጀልም ነው። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ዝርዝሩ

ከሳምንት በኋላ ለልጁ አንድ ባለ መስመር ደብተር ወሰድኩለት። ስድስት ዓምድ አሰመርን። የዕቃው ስም፣ ሲሪያል ቁጥር ወይም ምልክት፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋ፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ አሁን የት እንዳለ። የመጨረሻዋ ዓምድ ቀልድ ትመስላለች። ሦስት ተለማማጅ ባለበት ቤት ፒንሳ እግር አለው፤ ተውሶ የሄደ ሞርሳ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም።

ቤት ሲከፍት የሚሆነውን በቁጥር አሳየሁት። በአጠቃላይ የ40,000 ብር መሣሪያ ይዞ ገባ እንበል። በቀጥተኛው ዘዴ በየዓመቱ 6,000 ብር ይቀንሳል፣ በስድስት ዓመት 36,000፣ በሰባተኛው ቀሪዋን 4,000። ዋጋው እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ መጀመሪያ 8,000፣ ከዚያ 6,400፣ ከዚያ 5,120፣ ከዚያ 4,096። ሦስት ዓመት ላይ ይሄኛው በ1,520 ብር ይቀድማል፤ አራተኛው ዓመት ላይ ቀጥተኛው በ384 ብር አልፎት ይሄዳል። ገና ሲጀምር ትርፍ የሌለው ሰው ቅናሹን ፊት ለፊት ቢከምረው ከየትኛው ግብር ላይ ሊቀንሰው ነው? ለአዲስ ቤት ቀጥተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ የመረጡትን ይዞ መዝለቅ ነው እንጂ ዓመት በመጣ ቁጥር መቀያየር የለም።

አሮጌ መሣሪያ በአዲስ ዋጋ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ግን ያስጠይቃል። ሦስት ዓመት በተቀጣሪነት የሠራበትን ግራይንደር ያገለገለበትን ቀንሶ፣ ዛሬ ገበያ ላይ በሚያወጣው ሐቀኛ ዋጋ ያስገባ። ለቤቱም ለንግዱም የሚሠራበት ከሆነ፣ የእናቱን አጥር የሚበይድበት መበየጃ ለምሳሌ፣ የንግዱ ድርሻ ብቻ ነው የሚቀነሰው። በዓመቱ አጋማሽ የገባ የሙሉ ዓመት አይታሰብለትም። ዕቃውን በመዝገብ ላይ ካለው ዋጋ በላይ ከሸጠው ልዩነቱ ገቢ ነው፤ ባነሰ ከሸጠው ኪሳራው ይያዝለታል።

በሽያጭ ከሚገብሩት ወገን ሆኖ ከጀመረ ይህ ሁሉ ደብተር ለጊዜው ለግብሩ አይጠቅመውም። መዝገብ ይዤ በትርፌ ልገብር የሚል ከሆነ ሐምሌ 1 ሳይገባ በጽሑፍ ያመልክት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ግለሰብ ነጋዴን የሚያስገብረው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ክልሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚሄደው ወደ ከተማው ወይም ወደ ወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው፤ ደብረ ሲናም ይሁን መሐል ሜዳ፣ መስኮቱ ላይ «በየትኛው የክልሉ አዋጅ፣ በየትኛው አንቀጽ?» ብሎ ቁጥሩን ማስጻፍ ነው። በማኅበር የሚደራጁ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ያዋጣው መሣሪያ ከነዋጋው በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። አምስት ጓደኞች በአንድ ኮምፕሬሰር ሲጣሉ፣ ሁሉም «እኔ ነኝ የገዛሁት» ሲሉ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የስድስተኛ ሰው ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

ልጁ ደብተሩን እዚያው መሙላት ጀመረ። ግራይንደር፣ ትራፓኖ፣ ስኳድራ፣ ሁለት ፒንሳ፣ ውሃ ልክ። ደረሰኛቸው ላይ ቲን ለሌለው አምስቱ ከሻጩ ጋር የሽያጭ ውል እንኳ ቢጻፍ ግብር ላይ አይረዳም፣ ለባለቤትነት ግን ይረዳል አልኩት። ከከረጢቱ ሥር መጨረሻ ላይ ያወጣው መዶሻ ነበር፤ እጀታው የወይራ፣ ራሱ ከብዙ መቀጥቀጥ ጠርዙ የተገለበጠ።

«ይሄ የአባዬ ነው» አለኝ። «ዋጋ የሚለው ላይ ምን ልበል ጋሼ?»

«ሰረዝ አድርግበት» አልኩት። ሰረዝ አደረገ፤ ቀጥሎ «የት እንዳለ» የሚለው ዓምድ ላይ «እኔ ጋ» ብሎ ጻፈ።